የአሥራ አንድ ቀን ወተት

እናቴን አታልያታለሁ። ሌላ ሰው ይህንን ለስለስ አድርጎ ሊያወራው ይችላል፤ «ለጤናዋ ብዬ ነው»፣ «ጨንቆኝ ነው»፣ «እናቱ ዓይኑ እያየ ስትሄድበት ማን ዝም ይላል»። እኔም ብዬዋለሁ። ለባሌ ብያለሁ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ብያለሁ፣ ለራሴማ ስንቴ። አሁን ደክሞኛል። አታለልኳት ማለቱ ይቀለኛል።

የምንኖረው መቱ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሌላው ትምህርት ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ በቀን አራት ክፍለ ጊዜ እገባና ልጆቹ በኦሮምኛ ያሰቡትን በአማርኛ አጽፋቸዋለሁ። ባሌ ቡሬ ወረዳ ይሠራል፣ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል። እናቴ የጎሬ ሰው ናት። አባቴ ሲሞት ብቻዋን አይሆንላትም ብዬ ወደ መቱ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ኦርቶዶክስ እኔ ጴንጤ ሆነን በአንድ ወጥ ቤት እንዴት እንደምንኖር ግን ለአፍታም አላሰብኩም። እሷ አስባበታለች። ከጎሬ ስትመጣ ከልብሷ ሌላ የያዘችው ሁለት ድስት ነው፤ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። የጾሙን ማንም እንዳይነካባት ከላይኛው መደርደሪያ ሰቀለችው። ረቡዕና ዓርብ እኔ እንቁላል ስጠብስ አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራ አታውቅም። እንዲያውም ቀድማኝ ከገባች እሷው ትጠብስልኛለች፤ ከዚያ እጇን በሳሙና ታጥባ የራሷን ሽሮ ትጥዳለች።

እኔ እንዲህ አልነበርኩም። ጌታን የተቀበልኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ አሥረኛ ክፍል ሆኜ ነው። በዚያ ዕድሜ እምነት ማለት እምቢ ማለት ይመስለኝ ነበር። ጠበል ጻዲቅ አልቀምስም፣ መስቀል አልሳለምም፣ ክርስትና ቤት አልሄድም። እምቢ ባልኩ ቁጥር በጉባኤ ቆሜ እመሰክራለሁ፣ ጉባኤውም እልል ይልልኛል። ልጅነት ነው ብዬ እንዳላልፈው ሲያድርም አልለቀቀኝም። አባቴ ሲሞት አግብቼ ወልጄ፣ ልብ ገዝታለች የሚባልበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ለአርባ ቀኑ ተዝካር ጎሬ ሄድኩ፤ ሄጄ ግን ዳሱ ውስጥ አልገባም ብዬ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጎሬ እንደምታውቁት ዝናቡ አይታመንም። ጃንጥላ ዘርግቼ ጉልበቴ እየራሰ ቁጭ አልኩ። ዘመድ አዝማድ እያየኝ ይገባል፣ እያየኝ ይወጣል። አክስቴ «ምነው አንቺ፣ የአባትሽ ቤት እኮ ነው» ብላኝ መልስም አልጠበቀችም።

እናቴ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሳህን ላይ ክዳን ደፍታ ወጣች። «ቄሶቹ ሳይባርኩት በፊት የለየሁት ነው» አለችኝ። «ለአንቺ ብዬ ለብቻው ነው ያስቀመጥኩት። ብዪ።» ባሏን በአርባ ቀኑ የምታስብ ሴት፣ ዳሱ ሙሉ ሰው እያስተናገደች፣ ለእኔ ያልተባረከ እንጀራና ወጥ መለየት አልረሳችም። በላሁት። ማመስገኔን አላስታውስም። ያን ጊዜ የሚታየኝ የእኔ ጽናት ነበር፤ እሷ ምን እንዳደረገች አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጥናት አስተማሪ ሆንኩ። እናቴ በታመመችበት ዓመት ጥር ላይ ያስተማርኩት፣ ክርስቲያን መቼ ነው የሚጸናው፣ መቼ ነው የሚለቀው የሚል ነበር። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በአንደኛው ወገን ብንሞትም የማንለቃቸውን፣ በሌላው ለወንድማችን ስንል የምንለቃቸውን ጻፍኩ። ምግብን ከሚለቀቀው ወገን አገባሁት። በመብል ማንንም አናሰናክል፣ ብርቱው ደካማውን ይሸከም አልኩ። ሴቶቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ደካማ ስል በልቤ እናቴን ነበር የማስበው። ብርቱዋ ማን እንደሆነች መቼም ግልጽ ነው።

የካቲት ውስጥ አንጀቷ ታጠፈና ኦፕራሲዮን ሆነች። ሳምንት ተኝታ ወጣች። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰኞ ገቡ። እናቴ ከአልጋ ሳትነሣ ጾም ያዘች። የአጃ አጥሚት በውሃ፣ ትንሽ የተፈጨ ድንች፣ ሌላ የለም። በጾሙ በአሥረኛው ቀን ቁስሏን ላሳይ ሆስፒታል በባጃጅ ወሰድኳት። ዶክተሩ ፋሻውን ሲፈታ ፊቱ አላማረኝም።

«ቁስሉ አልያዘም» አለኝ። «ይህን የሚዘጋው ስፌት አይደለም፣ ምግብ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ የሥጋ መረቅ። ባቄላና ሽሮ አንጀታቸው ገና አይችለውም። በዚህ ከቀጠሉ ይከፈታል፣ ከተከፈተ ደግሞ ይመረዛል። በዕድሜያቸው ያን አይችሉትም።»

እናቴ ከአልጋው ላይ ሆና «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» አለች። «ከፋሲካ በኋላ እጠጣለሁ።»

ፋሲካ አርባ አምስት ቀን ይቀረው ነበር። ቤት ስንገባ ለመንኳት። ቀስ ብዬ ጀምሬ ተቆጣሁ፣ ተቆጥቼ አለቀስኩ። እግሯን ይዤ «እማዬ፣ ለእኔ ስትዪ» አልኳት። ራሴን ዳበሰችኝና «ለአንቺ ያላደረግሁት ምን አለ? ይህችን ተዪልኝ» አለች። እውነቷን ነበር፣ ሌላውን ሁሉ ሰጥታኝ ይህችን አንዲቷን ብቻ ነበር ለራሷ ያስቀረችው።

ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱ ጾሙን ሊፈታለት እንደሚችል አውቃለሁ። ኦርቶዶክስ ቤት ነው ያደግሁት፣ እንዴት አላውቅም። የእሷ ንስሐ አባት ጎሬ ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ስልክ አይዙም። ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብቶ፣ «አባ፣ እናቴን ይፍቱልኝ» ማለት ነበር። እኔ ግን ያን አላደረግሁም። ለምን? ወተት ለመጠጣት የቄስ ፈቃድ አያስፈልግም ብዬ ስለማምን። ሠላሳ ዓመት ያልረገጥኩትን ግቢ ተለማማጭ ሆኜ ልገባ? የሴቶች ጥናት አስተማሪዋ? ጭንቀቴ ላይ ኩራቴ ተቀምጦበት ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

በማግስቱ ወተት አዘዝኩ። የምታመጣልኝ ከሶር ወንዝ በኩል ጠዋት ጠዋት በጀሪካን ይዛ የምትወርድ ሴት ናት። አጥሚቱን በውሃ ጀምሬ በወተት ጨረስኩት። ስሰጣት ስኒውን አየችውና «ነጣ አለ እኮ» አለች። «አጃው ሌላ ዓይነት ነው» አልኳት። እንዲህ በቀላሉ። ምላሴ አልተያዘም። እሷ አማተበች፣ አባታችን ሆይ ደገመች፣ ጠጣች። እኔ ማንኪያውን ይዤ ቆሜ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ባርከው» እል ነበር።

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አደረግሁ። ፊቷ መለስ አለ። በሦስተኛው ቀን ትራስ ደግፉኝ አለች፣ በሰባተኛው ቀን ዝናቡ ሲያባራ በረንዳ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ቁስሉ ዳር ዳሩን ቀላ ብሎ መያያዝ ጀመረ። ባሌ ቅዳሜ መጥቶ አይቷት ተደነቀ። እሷ ምን አለችው መሰላችሁ? «ጾሙ ራሱ ብርታት ሆነኝ።» እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አፌን ይዤ ሳቅሁ። ሳቅሁ እላችኋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወተት አምጪዋ ሁለት ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት ገባች። ሰው ሲታመም መጠየቅ ነው፣ ማን ይከለክላታል። እኔ ሻይ ልቀዳ ጓዳ ነበርኩ። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ በኦሮምኛ ስታጫውታት እሰማለሁ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ወንዙ ስለ መሙላቱ። ከዚያ «ፊትዎ በርቷል፣ ወተቱ ተስማምቶዎታል ማለት ነው» አለች። «ልጅዎ ‹ለእናቴ ነው፣ አንድ ቀን እንዳታስቀሪብኝ› ስትለኝ ዝናብም ሲዘንብ ይዤ እወርዳለሁ።»

ሻዩን ይዤ በሩ ላይ ደረቅሁ። እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አለቻት። «ተስማምቶኛል።» የላሟን ጤና ጠየቀቻት፣ ልጆቿን ጠየቀቻት፣ ብርቱካኑን ተቀብላ መረቀቻት፣ ሻይዋን እስክትጨርስ አጫወተቻት። ሴትየዋ ምን እንዳለች ሳታውቅ ደስ ብሏት ወጣች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው እናቴ ዓይኗን ወደ እኔ ያመጣችው።

«ስንት ቀን ነው?»

«እማዬ፣ ዶክተሩ…»

«ዶክተሩን አልጠየቅሁሽም። ስንት ቀን?»

«አሥራ አንድ።»

ውሃ አምጪልኝ አለች። በጆግ አመጣሁላት። ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፣ እንደገና ተጉመጠመጠች። ጆጉ እስኪያልቅ እንዲያ አደረገች። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ እንዴት በወደድኩ።

«በአባትሽ ተዝካር ያልተባረከ ነው ብዬ የሰጠሁሽ፣ የተባረከ ቢሆንስ ኖሮ?» አለችኝ።

«እሱ ሌላ ነው» አልኳት። ያን ሰዓት እንኳ ልከራከር ነበር። እሱ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ይሄ የምግብ ነው ልላት ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንቺ ዝናብ ላይ ተቀምጠሽ አክስትሽ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ከተባረከው ጨልፊላት፣ በምን ታውቃለች› አለችኝ። ልጄ እኔን አምና ነው የምትበላው አልኳት።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ቀን በኋላ ከእጄ አልበላችም። ውሃ ስሰጣት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ ታየዋለች። ድንች በውሃ ቀቅዬ ዓይኗ እያየ ልጬ ሰጠኋት፤ «አልራበኝም» አለች። እሷው እያየችኝ የጾሙን ድስት አውርጄ፣ አልጋዋ አጠገብ ከሰል አቀጣጥዬ፣ ከጆግ ውሃ ቀድቼ አጥሚት ሠራሁ። «እግዜር ይስጥሽ፣ አስቀምጪው» አለች። እዚያው ቆሞ ቀዘቀዘ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ከሰው እጅ አንዳንድ ጉርሻ ዳቦ ቀመሰች እንጂ ከእኔ ምንም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሊጸልይልን መጣ። የሆነውን ነገርኩት። «እህቴ፣ ሕሊናሽን አታስጨንቂ፣ የሰው ሕይወት ከወግ ይበልጣል» አለኝ። አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢሆን እኔም ለሌላ ሰው የምለው ይህንኑ ነው። «እንግዲያው ግባና ለእሷ ንገራት» አልኩት። ሰዓቱን አየና ሌላ ቦታ ቀጠሮ አለኝ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጎሬ ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ጭጋግ ነበር፤ ጫማዬ በቀይ ጭቃ ከበደ። ግቢው በር ላይ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የንስሐ አባቷ ከአንድ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ለዩኝ፤ የወተቱንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። በልማድ መስቀሉን ከኪሳቸው አወጡ፤ ወዲያው ግን ትዝ ብሏቸው መልሰው ያዙት።

«አንቺ አትሳለሚም» አሉኝ፣ ያለ ቂም።

«ይስጡኝ አባ» አልኳቸውና ተሳለምኩ። አምኜበት አልነበረም። አብረውኝ ሚኒባስ እንዲሳፈሩልኝ ነበር፤ እሳቸውም ገባቸው።

«ለዚህ ብለሽ ከሆነ አያስፈልግም ነበር» አሉኝ። «ሳትሳለሚም እመጣ ነበር። የማታምኚበትን አድርገሽ ምን ልታገኚ? ያው ወተቱን ነው የደገምሽው።» በዚያ ጭጋግ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

መቱ ስንደርስ ብቻቸውን ልተዋቸው ብዬ ጓዳ ገባሁ። ጓዳውና ክፍሉ የሚለያዩት በመጋረጃ ነው። ሁሉንም ሰማሁ።

«ታመሻል፣ ልጄ» አሏት። «ፈትቼሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ወተቱንም ጠጪ፣ መረቁንም ጠጪ።»

«አባቴ፣ አሥራ አንድ ቀን ገድፌያለሁ።»

«ሳታውቂ ነው። አይቆጠርብሽም።»

«አይቆጠርብኝ ይሆናል። እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ» አለች። ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። «መጀመሪያ ዶክተሩ ሲነግረኝ እርስዎን ላስጠራ አስቤ ነበር። ይፈቱኛል፣ እጠጣለሁ አልኩ። ከዚያ ይህ ቤት የልጄ ነው ብዬ ተውኩት። ሐሙስ ሐሙስ የእሷ ሰዎች መጥተው እዚህ ሳሎን ይጸልያሉ። ቄስ አስገብቼ ከቤተ ክርስቲያኗ ላጣላት? አይሆንም አልኩ። አንዴ እንዲህ ከሆነ ግን አሁን አልጠጣም። የቀረኝን ልጹምበት።»

መጋረጃውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ልትጠጣ ነበር። አንድ ቃል ቢነገራት ልትጠጣ ነበር። እኔ ጎሬ ላለመሄድ እምነቴን አላስደፍርም አልኩ፤ እሷ ቄስ ላለማስጠራት የእኔን እምነት አላስደፍርም አለች። የእሷን ጾም የበላሁት እኔ፣ የእኔን ቤት ያከበረችው እሷ። ብርቱና ደካማ ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እጄ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር።

ንስሐ አባቷ ሲወጡ በር ላይ ያዝኳቸው። «ይገዝቷት» አልኳቸው። «እምቢ እንዳትል አድርገው ይዘዟት።»

«እችላለሁ» አሉኝ። «ግን አንዴ ያለ ፈቃዷ ተደርጎባታል። ሁለተኛ እኔ አላደርግባትም። ከፋሲካ በኋላ በሃምሳው ጾም የለም፤ ያኔ እንደምትጠጣ ቃል ገብታልኛለች። እስከዚያ የምታምነው ሰው ፈልጊላት።»

የምታምናቸው ሰው ከግድግዳው ማዶ ነበሩ። ከቤታችን ጋር አጥር የሚጋሩት ባለሱቋ ናቸው፤ ከአያቶቻቸው ጀምሮ መቱ የኖሩ ሙስሊም ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የሆነውን ሰምተው መጡ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም፤ መቱ እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም። እናቴን ስመው ወጡና ትንሽ ቆይተው አንድ አዲስ ድስት ይዘው ተመለሱ። «የእኔ ድስት ሁሉ ቅቤ የነካው ነው፣ ይህን ከሱቅ አወረድኩት» አሉ። ለውዝ ፈጭተው፣ በጨርቅ አጥልለው፣ በለውዙ ወተት አጥሚት ሠሩላት። እሳቸው ራሳቸው ጾመኛ ስለነበሩ አልቀመሱትም፤ ጨውን በግምት ጣል አደረጉ።

እናቴ ስኒውን ወደ መስኮቱ አላነሣችም። አማተበችና ጠጣች።

ለውዝ። ዶክተሩ ዘንድ ከሄድንበት ቀን ጀምሮ ለውዝ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ። ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ጾመኛ ሁሉ ይሠራዋል፣ እኔም ልጅ ሆኜ ጠጥቼዋለሁ። ትዝ እንኳ አላለኝም። እኔ እናቴን ማዳን ብቻ አልነበረም የፈለግሁት፣ ጾሟንም ማሸነፍ ፈልጌ ነበር።

እትዬ በየቀኑ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊትና ምሳ ሰዓት ይመጣሉ። ረመዳን ወጥቶ ዒዳቸውን አክብረውም አላቋረጡም። በገዛ ወጥ ቤቴ ሌላ ሴት ለእናቴ ስታማስል ከበሩ ቆሜ አያለሁ። እንጨት ላቀብል፣ ዕቃ ልጠብ እላለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጠላኋቸው። የጠላኋቸው እናቴ እሳቸው ሲገቡ ፊቷ ስለሚፈታ ነው። አንድ ቀን «እትዬ፣ ይለምኑልኝ፣ እርስዎን ትሰማለች» አልኳቸው። ማማሰያውን አስቀምጠው አዩኝ። «እኔም ልጄ በረመዳን ደብቃ ብታበላኝ ከእጇ አልቀምስም ነበር» አሉኝ። «ክፉ ስለሆነች አይደለም። ሁለተኛ በምን አውቃለሁ ብዬ ነው።»

ለውዙ ዘግይቶ ነበር። በሰሙነ ሕማማት ቁስሉ ተከፈተ፤ ክፍሉ ውስጥ ሽታ ገባ። ሆስፒታል መልሰው አስተኟት፣ መድኃኒት በመርፌ ጀመሩላት። ዶክተሩ ወደ ጎን ወስዶኝ ሰውነታቸው የሚጠግንበት ነገር አልቀረውም አለኝ። ዓርብ ዕለት «ለፋሲካ ቤቴ ውሰጂኝ» አለችኝ። ቤቴ የሚል ቃል ከአፏ ከሰማሁ ስንት ቀን እንደሆነኝ አላውቅም። ወሰድኳት።

ቅዳሜ ዶሮ ገዛሁ። የእናቴን ሃይማኖት የያዘ የዕድራችንን ሰው ጠርቼ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በስመ አብ ብሎ ባረከልኝ። እኔ ቆሜ ያዝኩለት። በፍስክ ድስቷ፣ ለብ ባለ እሳት፣ መረቅ ብቻ አወጣሁላት። ያላደረግሁት ነገር አልነበረም፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም እሷ እንደምትፈልገው አደረግሁ።

እሑድ ጠዋት እትዬ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ፣ እግርጌዋ ተቀመጡ። እኔ ስኒውን ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ ጾሙ ተፈታ። የዶሮ መረቅ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም» አልኳት። ማንኪያውን ወደ አፏ አቀረብኩ።

አልከፈተችም። ዓይኗ ከእኔ ፊት አልፎ እትዬ ላይ አረፈ። እትዬ ስኒውን ጎንበስ ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ አፏን ከፈተች።

ጾም አልነበረም። ወተትም ቅቤም ሥጋም ብጨምርበት የሚከለከል አልነበረም። ልትገድፍ የምትችልበት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም የእኔ ቃል አልበቃትም። አራት ማንኪያ ዋጠች፣ በእያንዳንዱ ማንኪያ መጀመሪያ እትዬን እያየች። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ» አለችኝ፣ ወዲያው፣ ሳታመነታ። ይቅርታዋ ከልቧ ነበር፣ አውቃታለሁ። ሰኞም ማክሰኞም ግን ማንኪያውን ሳነሣ እትዬን ነው የምታየው።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ሱቃቸው ዕቃ የሚያራግፍ መኪና መጥቶባቸው ዘገዩ። እናቴ ትንፋሿ አጥሮ ነበር። መረቁን በማንኪያ ይዤ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ትንሽ ቅመሺ» አልኳት። ከንፈሯ እንደተዘጋ ዓይኗን በሩ ላይ አደረገች። «አሁን ይመጣሉ» አልኳት። እየጠበቀች ሄደች። እትዬ እጃቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ ሲገቡ እኔ ማንኪያውን ገና አላስቀመጥኩትም ነበር።